የጥንቸል በር ሲዘጋ የኖረው ካዝና

ኤግበርት ፎልመር ሰባት ሽጉጥ አለው። አንዱንም ተኩሶ አያውቅም።

ሕጉም አይፈቅድለትም። ከወረዳው የተሰጠው ቀይ ካርድ የሰብሳቢ ካርድ ነው፤ ሰብሳቢ ያያል፣ ይወለውላል፣ መልሶ ይቆልፋል። ጥይት የሚገዛው ሌላ ዓይነት ካርድ ያለው ሰው ነው። ኤግበርት በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም። የአዲስ ዓመት ርችት ሲተኮስ እንኳ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ምድር ቤት ነው የሚያሳልፈው።

እሱ የሚወደው ቁጥር ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የኒደርሆልቴ ከተማን የጋዝ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሯል። የሰዉን ምድር ቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ማን ድንች እንደሚያበሰብስ፣ ማን አረቄውን ከሚስቱ ደብቆ የት እንደሚያኖር። ጡረታ ሲወጣ የሚያነበው ቁጥር አጣ። ያን ጊዜ ወደ ሽጉጥ ዞረ።

ቀይ ካርዱ ላይ የተጻፈው ርዕስ ጠባብ ነው፦ የአርንስበርግ አውራጃ የድሮ ፖሊስ ሽጉጦች። ከዚህ ንቅንቅ የለም። የኮሎኝ ፖሊስ ሽጉጥ በነጻ ቢያመጡለት ከደጁ አያስገባውም። እጀታው ፊት ላይ S.Ar. የሚል የተመታበት ሲያገኝ ግን ዓይኑ ይበራል። የመጀመሪያዋ ፊደል ጥበቃ ፖሊስ ማለት ናት፤ ቀጣዮቹ አርንስበርግ። ከዚያ የክፍሉ ቁጥር፣ ከዚያ የመሣሪያው ተራ ቁጥር ይከተላል። ከጥፍር የማትበልጥ ጽሕፈት ናት። ኤግበርት ከእሷ ተነስቶ ሽጉጡ በየትኛው ጣቢያ እንደተሰቀለ፣ መቼ ለጥገና እንደተላከ፣ መቼ ተጨማሪ መጠበቂያ እንደተገጠመለት ይተርካል። የያዘው ሰው ምን እንዳደረገበት ግን ቁጥሩ አይናገርም፤ ኤግበርትም አይጨምርበትም።

ከሰባቱ አንዱ ሌሎቹን ስድስት ያስረሳዋል። ቁጥሩ 7163 ነው።

የድሮ ፖሊስ ሽጉጡን ሲረከብ ሁለት የጥይት ካዝና ይሰጠው ነበር፤ አንዱ ሽጉጡ ውስጥ፣ አንዱ ማኅደሩ ላይ። ካዝናው ከታች የእንጨት መክደኛ አለው። እንጨቱ ላይ የሽጉጡ ቁጥር ይመታበታል፤ ከቁጥሩ ሥር ደግሞ አንደኛው ላይ 1፣ ሌላው ላይ 2። ሽጉጡን ማግኘት ዕድል ነው። ከአንዱ ካዝናው ጋር ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው። ከሁለቱም ጋር ያገኘ ሰው በሰብሳቢዎች ገበያ ውስጥ ሲያልፍ መንገድ ይለቀቅለታል። ኤግበርት 7163 አለው፤ 1 ቁጥር ካዝናም አለው። 2 ቁጥር የለውም። ለዓመታት የፈለገው ይህንኑ ብቻ ነው።

1 ቁጥሩን ያገኘው ከጊስበርት ኖልተ ነው። ጊስበርት አደባባዩ ላይ ሱቅ ያለው ቁልፍ ሠሪ ነው፤ በከተማው ውስጥ እሱ ያልቀረጸው፣ እሱ ቁጥር ያልመታበት ቁልፍ የለም። አሮጌ ብረትም ይነግዳል። ካዝናውን ከአንድ ሟች ቤት እንዳገኘው ነግሮ ነው የሸጠለት። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ «ጥቁሩ ፈረስ» መሸታ ቤት ሲገናኙ ሰላምታው አንድ ዓይነት ነው።

«ኤግበርት፣ ያቺ ባልቴት ሽጉጥህ እንዴት አደረች?»

«ባልቴት አይደለችም። አንድ አላት።»

«የአንድ እግር ካልሲ ያለው ሰውም ካልሲ አለኝ ይላል።»

ጠረጴዛው ይስቃል። ኤግበርትም ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ብረት ሳጥኑን ከፍቶ ያቺን ባዶ ቦታ ያያታል።

በሰኔ ጎረቤቱ ወይዘሮ ሮስቪታ ደፔ ከአጥሩ በላይ ጠሩት። ባላቸው ክሌሜንስ ፖሊስ ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። ከእሱ በኋላ ጥንቸሎቹን ብቻቸውን ያረባሉ፤ በጥንቸል አርቢዎች ማኅበር የሚፈሩ ሴት ናቸው።

«አቶ ፎልመር! ቁመት ከሰጠዎት አይቀር ቼሪዬን ያውርዱልኝ። ወፍ ጨረሰው።»

ኤግበርት የእኚህን ሴት ቆጣሪ ዕድሜውን ሙሉ አንብቧል። ጓሯቸውን ግን ረግጦ አያውቅም። መሰላል ላይ ወጣ። አንድ እፍኝ ቼሪ ባልዲው ውስጥ ጣለ። ወደ ታች አየ። ከዚያ ሌላ ቼሪ አልለቀመም።

ከዛፉ ሥር የጥንቸል ቤት አለ። በሩ ላይ ሽቦ ታስሯል፤ ሽቦው በምስማር ላይ ዞሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ በሩን የሚስብ ክብደት ተንጠልጥሏል። ክብደቱ የጥይት ካዝና ነው። የእንጨት መክደኛው ወደ ሰማይ ዞሯል።

ሲወርድ የመሰላሉን የመጨረሻ እርከን ሳተው። ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ግራጫው ጥንቸል ፊት አፍንጫውን ደቀነ።

«ግዙፍ ነው አይደል?» አሉ ወይዘሮ ደፔ። «አምና ሁለተኛ ወጣ። ዳኛው ዕውር ባይሆን አንደኛ ነበር።»

«ጥንቸሉን አይደለም። ይሄ… ይሄ ምንድነው?»

«እሱማ የበር ክብደት ነው። የአማቴ ነበር፤ እሳቸውም ፖሊስ ነበሩ። ከሞቱ በኋላ ከዕቃቸው መሀል ተገኘ። ክሌሜንስ ምን እናድርገው ሲል ቆየና እዚህ ሰቀለው። በሩ ራሱ ይዘጋል። እስቲ ይሞክሩት።»

ኤግበርት በሩን ከፍቶ ለቀቀው። ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ክብደቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። እንጨቱ ዳር ዳሩን በጥንቸል ጥርስ ተግጧል፤ መሀሉ ላይ ግን ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ 7163። ከቁጥሩ ሥር ሽቦ ተጠምጥሞበታል።

«ዋጋውን ይንገሩኝ» አለ።

«ለጥንቸል በር?»

«ወይዘሮ ደፔ፣ ይሄ የጥንቸል በር አይደለም። የሽጉጤ 2 ቁጥር ነው።»

ወይዘሮ ደፔ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠረጉ። ከጥንቸል ገበያ የተማሩት አንድ ነገር አለ፤ ገዢ ሲንበረከክ አይቸኮልም።

«ገንዘብ አልፈልግም» አሉ። «ክሌሜንስ ስንጋባ ‹በተኳሾች በዓል ወፏን ጥዬ ንግሥት አደርግሻለሁ› ብሎኝ ነበር። በየዓመቱ ሰልፍ ገባ። በየዓመቱ ወፏ ልትወድቅ ስትል ሽንቱ መጣ። ቀሚሴን ሦስት ጊዜ አስፋሁት። እሱ እንደዚያው ሽንት ቤት እንደተመላለሰ ሞተ። እርስዎ ወፏን ይጣሉና እኔን ንግሥት ያድርጉኝ። ካዝናው የእርስዎ ነው።»

«እኔ ተኩሼ አላውቅም እኮ!»

«ሰባት ሽጉጥ አለው ይሉዎታል።»

«ሁሉም ዝምተኞች ናቸው።»

«እንግዲህ ዝም ብለው ይኑሩ» አሉና ባልዲውን አንስተው ገቡ።

ወፏ የእንጨት ወፍ ናት። በሐምሌ፣ በተኳሾች ማኅበር በዓል፣ ረጅም ምሰሶ አናት ላይ ትሰቀላለች። ወንዱ ሁሉ በተራ ይተኩስባታል፤ የመጨረሻዋን ስባሪ የጣለ ለዓመቱ ንጉሥ ይሆናል፤ ንግሥቱን ይመርጣል። ጣጣው ከዚያ ይጀምራል። ዓመቱን ሙሉ የማኅበሩን ሹማምንት የቢራ ወጪ የሚችለው ንጉሡ ነው። ስለዚህ መተኮሱን ሁሉም ይወዳል፤ መጣሉን ግን ብዙ ሰው ይሸሻል። ኤግበርት ደግሞ አንድ የሻይ ከረጢት ሁለት ጊዜ የሚነክር ሰው ነው፤ ለእንግዳ ከሆነ ሦስት።

ቢሆንም ማክሰኞ ደስታው አልያዝ አለው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። ጠረጴዛው ላይ ጥሬ የተፈጨ የአሳማ ሥጋና ሽንኩርት የተቀባበት ዳቦ ቀርቧል፤ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ኤግበርት ሁሉንም ዘረገፈው፤ ቼሪውን፣ ጥንቸሉን፣ ወፏን።

ጊስበርት ማላመጡን አቆመ።

«ቁጥሩን በዓይንህ አየኸው?»

«7163።»

«ከሥሩስ?»

«ሽቦ ሸፍኖታል። ግን 2 ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? 1ማ እኔ ጋ ነው።»

«ለባልቴቷ ባል ተገኘላት!» አለ አንዱ፣ ጠረጴዛው ሳቀ። ጊስበርት አልሳቀም። ዳቦውን ግማሽ ትቶ ሄደ። ጊስበርት ዳቦ ትቶ ሲሄድ ያየ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ወይዘሮ ደፔ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ።

«አቶ ኖልተ መጥተው ነበር። ለጥንቸል ቤቴ አዲስ ማጠፊያ በነጻ ልግጠምልዎ፣ አሮጌውን ክብደት ልውሰደው አሉኝ። ለእርስዎ ያልኩትን አልኳቸው። ‹እሺ፣ ወፏን እኔ እጥላለሁ፤ ሚስቴም አትቃወምም› አሉ።»

ኤግበርት ቅንድቡን ሰበሰበ። «ሽጉጡ የለውም። ካዝናውን ምን ያደርግለታል?»

«እኔ ምን አውቄ። እኔ የማውቀው የሚያነግሠኝ ሰው ሁለት መሆኑን ነው።» ቀሚሳቸውን ለማስፋት ወደ ልብስ ሰፊ እየሄዱ ነበር።

የበዓሉ ሰኞ ማለዳ ጥሩምባው ተነፋ። አረንጓዴ ኮት የለበሰው ወንድ ሁሉ የእንጨት ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ተሰለፈ። እውነተኛው ጠመንጃ አንድ ብቻ ነው፤ የማኅበሩ ስለሆነ ካርድ አይጠየቅበትም፤ ከምሰሶው ሥር መቆሚያ ላይ ታስሯል። ተኳሹ ያነጣጥራል፣ ይስባል፣ ለቀጣዩ ይለቃል። ከአጠገቡ የማኅበሩ አዛዥ ይቆማል፤ ሥራው ሥርዓት ማስከበር ነው፤ ትርፍ ሥራው መሳደብ።

ኤግበርት ጥጡን ወትፎ ቀረበ። ዓይኑን ጨፈነ። ሳበ።

«ፎልመር!» አለ አዛዡ። «ወፏ እዚያ ናት። ደመናው ምን በደለህ?»

ሁለተኛ ዙር ምሰሶውን መታ። «ደግ፣ ደግ፣ ወደ እንጨት እየቀረብክ ነው።» ሦስተኛ ዙር የመታውን ነገር ማንም ሊያገኘው አልቻለም።

ወፏ ግን በሌሎቹ እጅ አለቀች። ዘውዷ ወደቀ፣ አንገቷ ተከተለ፣ የቀኝ ክንፏ ተገነጠለ። አንዲት የሆድ ስባሪ በአንድ ብሎን ተንጠልጥላ ስትቀር፣ እንደ ልማዱ፣ ሰልፉ መመንመን ጀመረ። የዳቦ ጋጋሪው ወገብ ተያዘ። የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ ጮኸ፤ ላም ምጥ ይዟታል ተባለ። ሌላው እንደ ክሌሜንስ ሽንቱ መጣ። ዞር ብለው ሲያዩ ሰልፉ ላይ የቀሩት ጊስበርትና ኤግበርት ብቻ ናቸው።

ሕዝቡ ተጠጋ። ለንግሥና የሚሽቀዳደሙ ሁለት ሰዎች በኒደርሆልቴ ታይተው አያውቁም። ይባስ ብሎ ሁለቱም ንፉጎች ናቸው።

ተራው የጊስበርት ነበር። ጊስበርት ተኳሽ ነው። ትንፋሹን ያዘ፣ ጣቱን አስተካከለ። አዛዡ እንደ ሥርዓቱ ጮክ ብሎ ጠየቀ፦

«ኖልተ! ብትጥላት ንግሥትህ ማን ናት?»

ጊስበርት በከንፈሩ አልጎመጎመ።

«አልተሰማም!»

«ወይዘሮ ደፔ!»

«ማን?» የሚል ድምፅ ከቋሊማ መጥበሻው በኩል መጣ። ማርሊስ ኖልተ ናት። በአንድ እጇ የሰናፍጭ ጠርሙስ ይዛለች። «ማን አልክ ጊስበርት? እኔ በገዛሁት ኮት?»

ጊስበርት ጣቱን ሳበ። ጥይቱ ወዴት እንደሄደ ያየ የለም፤ ጊስበርት ራሱ ወደ ጠርሙሱ ነበር የሚያየው።

ኤግበርት ቀረበ። ልማዱ ነውና ዓይኑን ሊጨፍን ሲል አንድ ነገር አየ። የተገነጠለው ክንፍ ሸፍኖት የነበረው የስባሪዋ ጎን ላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈ ነገር አለ። ወፏን የሠራው አናጺ ክፍሎቹን ሲገጣጥም ቁጥር ይሰጣቸዋል።

ኤግበርት ቁጥር ፊት ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም። አንገቱን አሰገገ። በማነጣጠሪያው ቀዳዳ ውስጥ፣ ጨለማ ምድር ቤት ውስጥ ቆጣሪ እንደሚፈልግ ሰው፣ ቀስ ብሎ ፈለጋት። አራት። አራት ቁጥር ናት።

«አራት» አለና ሳበ።

ስባሪዋ መሬት ላይ ስትወድቅ ኤግበርት ከሁሉ ዘግይቶ ነው ያወቀው፤ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ነበረ። ሰዉ ወደ ላይ ሲያነሳው የታሰረ መስሎት «ምን አደረግሁ?» ይል ነበር።

ከሰዓት በኋላ በበዓሉ ድንኳን ውስጥ ንጉሥ ኤግበርት የብር ሰንሰለት አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ጥሩምባውን ፈርቶ ጥጡን ከአንድ ጆሮው ብቻ አውጥቶ ተቀመጠ። ሰንሰለቱ ላይ የቀድሞ ነገሥታት ስም የተቀረጸባቸው ትንንሽ የብር ሰሌዳዎች አሉ፤ ሁሉንም አንብቦ ጨርሷል። በቀኙ ንግሥት ሮስቪታ በሰማያዊ ቀሚስ ተቀምጠዋል። ቀሚሱ አራተኛ ጊዜ ሰፍቷል፤ አምሮባቸዋል። ጊስበርት እንደ ሥርዓቱ ለንጉሡ ቢራ ሊያቀርብ መጥቶ ቆሟል፤ ማርሊስ ከኋላው ናት፤ መሸሻ የለም።

ወይዘሮ ደፔ ከቦርሳቸው በናፕኪን የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሽቦው እንዳለ ነው።

«ቃል ቃል ነው» አሉ።

ኤግበርት ከኮቱ ኪስ የራሱን 1 ቁጥር አወጣ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሊያይ ነው ይዞት የዋለው። ሽቦውን በጥፍሩ ይፈታ ጀመር። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር። እንጨቱ ተገለጠ።

1።

ኤግበርት አሻሸው። 1 ነው። የራሱን አየ፤ እሱም 1 ነው። አንድ ሽጉጥ ሁለት አንደኛ ካዝና አይኖረውም። አንዱ ውሸት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

«ምነው?» አሉ ወይዘሮ ደፔ። «ሰንሰለቱ አነቀዎት?»

ኤግበርት ሁለቱን እንጨቶች አፍንጫው ድረስ አመጣቸው። የጥንቸል ጥርስ ያረፈበት ላይ ሰባቷ ቀጥ ያለች ናት። የራሱ ላይ ግን የሰባቷ እግር ጫፉ ላይ ተሰብራለች፤ መምቻው ብረት የጎደለ ነው። ይህችን አንካሳ ሰባት ያውቃታል። የት እንደሚያውቃት ግን አልመጣልህ አለው።

«ይቺን ሰባት አይቻታለሁ» አለ።

ወይዘሮ ደፔ አዩ። ቦርሳቸውን ገልብጠው የቁልፍ ዘለላቸውን አወጡ። የምድር ቤታቸው ቁልፍ ላይ 17 ተመትቶበታል። ሰባቷ አንካሳ ናት።

ከጎን የተቀመጠው አዛዥ የራሱን አወጣ፤ 71። ዳቦ ጋጋሪው አወጣ፤ 7። ትንሽ ቆይቶ ጠረጴዛው ላይ የከተማው ቁልፍ ተቆለለ፤ ሁሉም አንካሳ። በመጨረሻ ኤግበርት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ካዝናውን ባወጣበት በዚያው ኪስ። የቤቱ ቁልፍ፣ 27። የመቶ ዓመት ብረት በማጉያ መነጽር ሲመረምር የኖረ ሰው የገዛ ደጁን ቁልፍ አንብቦት አያውቅም።

ሁሉም ወደ ጊስበርት ዞረ። ቢራው እጁ ላይ ሞቋል።

«ካዝናው እውነተኛ ነው» አለ ጊስበርት። «ቁጥር ብቻ ነው ያልነበረው።»

«ቁጥሩን ነው የገዛሁት!»

«ምን ላድርግ? በየሳምንቱ እየመጣህ ‹7163፣ 7163› ስትለኝ በሕልሜ መጣብኝ። አንዱን ልስጠውና ዝም ይበል አልኩ። አንተ ጭራሽ ሁለተኛውን አምጣ አልክ!»

«ለዚህ ነው ንግሥት የምታነግሠው?» አለች ማርሊስ። «ለእንጨት ቁራጭ?»

ድንኳኑ ሁሉ የንጉሡን ቃል ጠበቀ። ኤግበርት ቀና አለ። ከቢራው ጣጣ የሚወጣበት በር ወለል ብሎ ሲከፈት ታየው፤ የቆጣቢ ሰው አእምሮ በእንዲህ ያለ ጊዜ ፈጣን ነው።

«የመጀመሪያ ፍርዴ» አለ። «የዓመቱን የንጉሥ ቢራ ወጪ ጊስበርት ኖልተ ይችላል።»

ጭብጨባው ጥሩምባውን ዋጠው። አዛዡ ፍርዱ ይግባኝ የለውም ብሎ አወጀ። «የቤቱ ፍርድ ይቀጥላል» ብላ ማርሊስ ጊስበርትን በክርኑ ይዛ ሄደች።

ኤግበርት አንካሳዋን ካዝና ወደ ቁልፎቹ ክምር ገፋት፤ ዝምድናዋ ከእነሱ ጋር ነው። የተጋጠችውን በመዳፉ ያዛት። አይወለውላትም። የጥርሱንም ምልክት አይነካም፤ እሱም ታሪኳ ነው። 1 ቁጥሩ አሁን እውነተኛ ነው። 2 ቁጥሩ ግን ዛሬም የለም። ፊቱ ላይ ይህ ሁሉ ተራ በተራ ሲያልፍ ወይዘሮ ደፔ ቢራቸውን እየጠጡ አዩት።

«አቶ ፎልመር፣ ያን ዕለት የጥንቸሌን ቤት ዞረው አይተውታል?»

«ከቼሪው በኩል ብቻ ነው ያየሁት።»

«ከኮምፖስት ክምሩ በኩል ደግሞ ሌላ በር አለው።»

ኤግበርት ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ያም… ራሱ ነው የሚዘጋው?»

«ጠቅ ብሎ።» ወይዘሮ ደፔ የቀሚሳቸውን እጥፋት አስተካከሉ። የሙዚቃ ባንዱ የንጉሥና የንግሥት ዳንስ ሊጀምር ጥሩምባውን እያራገፈ ነው፤ ሰዉ መሀሉን ለቋል። «መደነስ ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«ተኩስም አልችልም ብለውኝ ነበር።»

ኤግበርት የተጋጠችውን ካዝና ኪሱ ውስጥ ከተታት፣ የቀረውን ጥጥ ከጆሮው አወጣ፣ እጁንም ዘረጋላቸው።